የአህያዋ ፍጥነት

ሹመት አንዳንዴ ፍሬን መያዝ ያስረሳል። የወረዳው ሹም አቶ ይልቃል በመንግሥት መኪና ሲበሩ መጥተው፣ ውሃ ጭኖ ዳር ዳሩን የሚሄድ የአህያ ጋሪ ገጩ። ጋሪው እንክትክቱ ወጣ፤ አህያዋ ግን በተአምር ተረፈች። ሹሙ ጥፋታቸውን ማመን ሞት ሆነባቸውና «መኪናዬ ቆማ ሳለች መጥቶ ገጫት» ብለው ባለጋሪውን ከሰሱት።

ለምስክርነት ከትልቅ ከተማ ያስመጡት ባለሙያ ችሎቱ ፊት ሰሌዳ ሙሉ ቀመር ጻፈ። የመኪናዋን ክብደት አሰላ፤ የተጨረመተውን ፊቷን ለክቶ አባዛ፣ አካፈለ። በመጨረሻም ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «ክቡር ዳኛ፣ መኪናዋ ቆማ ከነበረ፣ አህያዋ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ትጋልብ ነበር ማለት ነው» አለ።

ሹሙ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ባለጋሪው ዞሩ። «ሂሳብ አይዋሽም! አንተ ፊደል ያልቆጠርክ፣ በል ይህን ቀመር አፍርሰው! ካልቻልክ ወህኒ ነህ።»

ዳኛውም «መልስ አለህ?» ሲሉ ጠየቁት።

ባለጋሪው ብድግ አለና መጀመሪያ ለዳኛው፣ ቀጥሎ ለሰሌዳው እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ እኔ መሃይሙ ቀመሩን ምን አውቄ አፈርሰዋለሁ? አንድ ነገር ብቻ ልለምን። አህያዋ ደጅ ታስራለች። ባለሙያው ይውጡና ይህንኑ ቀመር ያንብቡላት። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአለንጋ ብለምናት፣ እግረኛ እንኳ ቀድማልኝ አታውቅም።»