መቀሱና የሙሽራዋ ቀሚስ

አንዲት ትሁኔ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ብቸኛ ልጇ በሩቅ ከተማ ልትዳር ሆነና እናት በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ልትሳፈር ተነሣች። የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋችው በገዛ እጇ ነው። ደስታው አላስቀምጥ ስላላት በረራው አራት ሰዓት ሲቀረው አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰች።

ቀሚሱን እንዳይጨማደድ በትልቁ ሻንጣ አጥፋ ለመንገደኛ መዝጋቢዎቹ አስረከበች። ሃያ ዓመት የሠራችበትን መቀስ ግን «ማንንም አላምንም» ብላ በእጅ ቦርሳዋ ያዘች።

ፍተሻው ላይ አንዲት ወጣት ፈታሽ ቦርሳውን ከፍታ መቀሱን አወጣች።

«እናቴ፣ ስለት በእጅ ተይዞ አይገባም። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚሆነው።»

«እንጀራዬ እኮ ነው ልጄ! እንዴት ከዓይኔ ይራቅ?»

«ትልቁ ሻንጣ ውስጥስ ምን አለ?»

«የነገዋ ሙሽራ ቀሚስ!» አለች ትሁኔ፣ ፊቷ በርቶ።

ፈታሿ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሻንጣ አንዳንዴ ይዘገያል። ነገ መቀሱ ባይደርስ ሠርጉ ይቀራል? ቀሚሱ ባይደርስስ?»

ትሁኔ ክው አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መዝጋቢዎቹ ሮጠች። ሻንጣው ገና ስላልተጫነ መለሱላት፤ መቀሱን ከተተችና ቀሚሱን አውጥታ በእጅ ቦርሳዋ ያዘች። አውሮፕላኑ ሲነሣ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ ደመናውን ቁልቁል እያየች ሳቋ አመለጣት።

ስትደርስ የሁሉም ሻንጣ ወጣ፤ የእሷ የለም። «ከነገ ወዲያ ይመጣል» አሏት ሠራተኞቹ።

ሊቀበላት የመጣው ዘመድ ሁሉ ከበባት። ልጇ እንባዋ እየመጣ «እማዬ፣ ቀሚሴስ?» ስትል እናት ከክንዷ ሥር ያለውን ቦርሳ ከፈተች። ነጩ ጨርቅ ብቅ ሲል እልልታው የማያውቋቸውን መንገደኞች ሳይቀር አስጨበጨበ። በማግስቱ ሙሽራዋ በእናቷ ስፌት አምራ ተዳረች። መቀሱም በሦስተኛው ቀን በሰላም ደረሰ።

ስንቶቻችን ነን የለመድነውን የሙጥኝ ብለን፣ ቢዘገይ የማይተካውን ለሌላ የምናስረክብ? ሕግ ሲያስቆመን ከመቆጣታችን በፊት ምክንያቱን እንጠይቅ፤ ክልከላ የመሰለን ነገር አንዳንዴ ምክር ነው። ሁሉን መያዝ አይቻልም፤ ጥበቡ የትኛው ከእጅ እንደማይለይ ማወቁ ላይ ነው።

እርስዎስ ዛሬ አጥብቀው የያዙት የቱን ነው? ከእጅዎ የለቀቁትስ?