ለጥ ባለው ግንብ ላይ የሚቀረጽ ምልክት

በአንድ ወቅት፣ ያውም ስልክ በየኪሱ ከገባ በኋላ፣ በጎንደር ከተማ ደምለው የሚባል ግንበኛ ነበር። እሱ ያቆመው ግንብ ቱምቢ ሳይወርድበት ቀጥ ይላል እየተባለ ይወራለታል፤ እሱም ይህን ሲሰማ «ተጋኗል» ብሎ አያውቅም።

ቤተሰቡ አንድ ልማድ ነበረው። ግንብ ተሠርቶ ሲያልቅ በማዕዘኑ ድንጋይ ላይ ምልክታቸው ይቀረጻል፤ ክብ ነው፣ መሐሉ ላይ ሦስት ጭረት አለበት። ይህን ምልክት የሚይዘው በአንድ ትውልድ አንድ ሰው ብቻ ነው። ደምለው ከአባቱ ተቀብሎታል። ሦስቱ ልጆቹ ግን መሮ ጨብጠው አያውቁም፤ ኮምፒውተር ላይ ጌም ይሠራሉ። ምልክቱ ከእኔ ጋር መቃብር ይወርዳል ብሎ ተስፋ ከቆረጠ ቆይቷል።

አንድ ቀን አባቱ የገነባው ግንብ ለመንገድ ሊፈርስ ነው ተባለ። ልጆቹ መጡና «አባዬ፣ ጌማችን ውስጥ መልሰን እናቆመዋለን» አሉት።

«ያለ ድንጋይ?»

«ያለ ድንጋይ።»

ደምለው ሳቀ። «በሉ እንግዲህ፣ የአባቴን ድንጋይ ካሳያችሁኝ ከመካከላችሁ ለአንዱ ምልክቱን እሰጣለሁ። ለአንዱ ብቻ።»

ትልቁ ልጅ አንለይ ቅርጹን ያዘ። እያንዳንዱን ድንጋይ ከነጉብታው፣ ከነስንጥቁ አንድ በአንድ ሠራ፤ አራት ወር ፈጀበት። ስልክ ላይ ሲከፍቱት ስልኩ ጋለና ቀጥ አለ። ጌሙን የሚጫወቱት ልጆች ደግሞ የያዙት ከዚያም የባሰ ስልክ ነው። አንለይ ማንንም ሳያማክር የአራት ወር ሥራውን ደመሰሰ። በምትኩ እንደ ጣውላ ለጥ ያለ፣ ጠርዙና ማዕዘኑ ብቻ የቀረ ግንብ አቆመ። ደምለው የገዛ ሥራን ማፍረስ እንዴት እንደሚያም ያውቃል።

ትርንጎ፣ የመሐሏ ልጅ፣ ግንቡ ሊፈርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ከጎረቤት መሰላል ተውሳ ሄደች። ጠዋት ፀሐይ ከአንድ ወገን ስትመታው፣ ከሰዓት ከሌላው ወገን ስትመታው፣ ክንድ በክንድ ፎቶ አነሳችው። ጥላው ወዴት እንደዞረ እያየች ድንጋዩ የት እንደጎበጠ፣ የት እንደሰረጎደ ለየች። ከዚያ ሰማያዊና ሐምራዊ ብቻ የሆነ ሥዕል ሠራች። ቀለሙ ለሰው ዓይን የተቀባ አይደለም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ወዴት እንዳዘነበለች ለብርሃኑ የሚነግር ነው። በሰባተኛው ቀን ግንቡ ፈረሰ።

ብርሃኑን የሠራው የመጨረሻው ልጅ ሙላት ነው። በጌሙ ውስጥ አንድ ሰው ችቦ ይዞ ይሄዳል። ችቦው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስልኩ የትርንጎን ሥዕል አንብቦ፣ ወደ ችቦው ያዘነበለችውን ነጥብ እንዲያበራ፣ ፊቷን ያዞረችውን እንዲያጨልም የሚያዝ ስሌት ጻፈ። ያውም እዚያው በዚያው፣ ደካማው ስልክ ሳይንገዳገድ።

አሁን ለጥ ያለው ግንብ ድንጋይ መስሏል ብለው ለአባታቸው አሳዩት። ደምለው ፊቱን አጨፈገገ። «ድንጋዩ ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቷል» አለ።

ልጆቹ ተያዩ። ለእነሱ ደህና ነበር።

«ችቦው ያለው ከላይ ነው። ታዲያ ጥላው ድንጋዩ አናት ላይ ምን ይሠራል?»

እውነትም በትርንጎ ሥዕል ላይ ወደ ላይ ያዘነበለውን የሙላት ስሌት ወደ ታች ብሎ ይቆጥረው ኖሯል። ሙላት አንዲት መስመር ገለበጠ። ድንጋዩ ብቅ ብቅ አለ።

ደምለው ጣቱን ዘርግቶ ዳሰሰው። መስታወት ነው። ደግሞ ዳሰሰ፤ ዓይኑ ጉብታውን ያያል፣ ጣቱ አያገኘውም። «የአባቴ እጅ ነው» አለ። በልጆቹ እንደዚያን ቀን ኮርቶ አያውቅም፤ ደስታውንም መደበቅ አቃተው።

«እኔ ባላፈርሰው ኖሮ ስልኩ አይሸከመውም ነበር» አለ አንለይ።

«የእናንተን ሌላ ሰውም ሊሠራው ይችላል» አለች ትርንጎ። «እኔ ባልደርስ ኖሮ ግን የአያታችን ድንጋይ ምን እንደሚመስል ዛሬ ማን ያሳየን ነበር?»

ሙላት ግን ችቦውን አጠፋው። ግንቡ ተመልሶ ጣውላ ሆነ።

ደምለው ሦስቱንም በየተራ አያቸው። ለአንዱ ብቻ ብሎ ቃል ገብቷል፤ ቃሉን አያጥፍም። ስህተቱን ያየሁት እኔ ነኝ ብሎ ለራሱ እንዳያስቀረው፣ ምልክቱ ከእሱ ጋር ማለፉ ነው። ትርንጎ የአያቷን ምልክት ሳትሥለው ስለተወች፣ ጌሙ ውስጥ ያለው የማዕዘን ድንጋይ እስካሁን ባዶ ነው፤ ልጆቹም ቆመው እየጠበቁት ነው።

እናንተ በደምለው ቦታ ብትሆኑ ምልክቱን ለማን ትሰጡ ነበር?