የሜዳው ምርቃት

አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ የሰፈሩን ብቸኛ የኳስ ሜዳ በቆርቆሮ አጥሮ ሱቅ ሊሠራበት ተነሣ። ነገር አዋቂ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ግን በየስብሰባው «ልጆቻችን የት ይጫወቱ?» እያሉ ዕረፍት ነሱት። አስተዳዳሪው መላ አገኘ፤ ዛሬ የመረቀ ሰው ነገ አይቃወምማ! የመሠረት ድንጋዩ በሚጣልበት ቀን ሕዝብ ፊት አስነሣቸውና፣

«አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይመርቁን» አላቸው።

ሽማግሌው እሺ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አስተዳዳሪውም ከሁሉ ቀድሞ መዳፉን ዘረጋ።

«ልጄ፣ አንተ ይህን ሜዳ እንደ ጠበቅህልን፣ እግዜርም ወንበርህን እንዲሁ ይጠብቅልህ!»

«አሜን!» አለ አስተዳዳሪው ጮክ ብሎ።

የሕዝቡ አሜን ትንሽ ዘገየ፤ ሲመጣ ግን የቆርቆሮውን አጥር አነቃነቀው።