የመርከቡን ወለል ማን ይቅመስ?

ነጋድራስ ውብነህ የድንጋይ ከሰል የሚጭን መርከብ ሲያሠሩ፣ ብዙ እንዲጭንላቸው ብለው ለጭነት ክፍሉ ወለል የመጣውን ወፍራም ብረት አስነስተው በስስ አስለወጡት። አንድ ምላሰኛ በያጅ፣ «ይህማ ወለል አይደለም፣ ነጠላ ነው፤ ከሰሉ ሲገለበጥበት ይቀደዳል» ማለቱን ሰሙና በሠራተኛው ሁሉ ፊት አስጠሩት።

«ደካማ ነው ካልክ ትባረራለህ። ጠንካራ ነው ካልክ ደግሞ የመጀመሪያው ከሰል ሲጫን ከወለሉ ሥር ባለው ባዶ ክፍል ትቀመጣለህ። ምረጥ» አሉት።

በያጁ እጅ ነሣና፣ «ጠንካራ ነው ጌታዬ፤ እገባለሁም» አለ። «ብቻ ባገራችን ጠጅ የቀዳ ሰው፣ እንግዳው እንዳይጠረጥር ቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። ይህን የቀዱልን እርስዎ ነዎትና ይቅደሙ፤ እኔ ከኋላዎ አለሁ።»

ነጋድራስ ጎንበስ ብለው ጨለማውን ክፍል አዩና ቀና አሉ።

«ለመሆኑ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ያ ወፍራሙ ብረት የት ደረሰ?»