የእንኮይ በር እሳት

እናንተ ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ክብሪት ባልነበረበት፣ እሳትና ገል እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን፣ አምስት ጎጆ ብቻ ያላት እንኮይ በር የምትባል ሰፈር ነበረች። በላይ፣ በታችና በማዶ ሦስት ትልልቅ መንደሮች ነበሩ።

በእንኮይ በር እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ይኖራሉ። እሳታቸውን በአመድ ዳፍነው ስለሚያሳድሩ ጠፍቶባቸው አያውቅም። የጎረቤት መንደሮች እሳት ሲጠፋባቸው ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ፤ የእማማን ገል ተውሰው ፍም ይዘው ይሄዳሉ። እሳቱም፣ «ውሰዱ፣ እኔ አላልቅም» ይላቸዋል።

አንድ ክረምት ጎርፍ ገባና የሰፈሩን እሳት ሁሉ አጠፋው። በዚያው ቀን ውዴ የምትባል ሴት ወልዳ ነበር። ጎጆዋ ረጥቧል፤ ሕፃኑ በብርድ ይንቀጠቀጣል።

«እማማ፣ እሳት ይፈልጉልኝ» አለች።

እማማ ደብሪቱ ገሉን አንስተው ወጡ። ላይኛው መንደር ደረሱና እሳቱን፣ «አንድ ፍም ስጠኝ፤ ሕፃናችን በርዶታል» አሉት።

«እንጨቴ እርጥብ ነው፤ ለራሴም አልበቃሁም» አላቸው።

ታችኛው መንደር ወረዱ። «አንድ ፍም ስጠኝ፤ ሕፃናችን በርዶታል።»

«እኔ የዚህ መንደር እሳት ነኝ። እርስዎን አላውቅዎትም።»

ይሄኔ ገሉ ተናገረ። «እዚህ ተሸክሜ ያመጣሁህ እኔ አይደለሁም? ጀርባዬን እኮ ያጠቆርከው አንተ ነህ።»

«ገል ሁሉ ጥቁር ነው» አለ እሳቱ።

ወንዙን እየፈሩ ወደ ማዶ ተሻገሩ። የማዶው እሳት ገና ሲያያቸው፣ «እማማ፣ አወቅኩዎት። ይውሰዱኝ፣ ቶሎ» አለ። ጎንበስ ሲሉ የቤቱ እመቤት የሺመቤት አመድ አምጥታ አለበሰችው።

«ዛሬ ለእርስዎ ብሰጥ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣብኛል» አለች።

«አንቺ ስትመጪ ከልክዬሽ አውቃለሁ?»

«ያ ሌላ ጊዜ ነው፣ እማማ።»

ከአመዱ ሥር እሳቱ፣ «ይቅር ይበሉኝ» ሲል ተሰማ።

ሲመለሱ ውዴ፣ «አገኙ?» አለች። እማማ ባዶውን ገል አስቀመጡ። ገሉ፣ «ሦስት መንደር ዞረናል» አለ። ውዴ ሕፃኑን ከደረቷ አላላቀቀችውም። እስትንፋሱ መቆሙን ያወቁት ቆይተው ነው።

በማግስቱ ከሦስቱም መንደሮች ሰው ለቀብር መጣ። «ምነው ቀድመን በሰማን» እያሉ አለቀሱ። የሺመቤት ከሁሉም አብልጣ አለቀሰች። እማማ ደብሪቱ አንዳቸውንም ቀና ብለው አላዩም።

ተረቴ ይኸው ነው፣ ልጆቼ። ለቀብራችሁ የሚመጣውን ሁሉ ጎረቤት አትበሉት፤ በሕይወት ሳላችሁ አንድ ፍም የሰጣችሁን ብቻ ጎረቤት በሉት።