መኪናው የእርስዎ ነው

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ጨፌ በር የምትባል ከተማ ነበረች። የከተማዋ ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ፒካፕ ነበረው። አንደኛዋ ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠች ስለቆየች ዶሮ ገብታ ትፈለፍልባታለች። ሁለተኛዋ ትሄዳለች፤ ግን ካልተገፋች አትነሳም። ከጣቢያው በር «ኧረ ግፉ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ልብስ ሰፊው መቀሱን ጥሎ፣ ሻይ ጠጪው ብርጭቆውን አስቀምጦ ይወጣና ይገፋል። በፖሊስ የሚፈለግ ሌባም አብሮ ሲገፋ ታይቷል ይባላል፤ እኔ አላየሁም።

እሷም አንድ ቀን ጨርሳ ቆመች። የጣቢያው አዛዥ ኢንስፔክተር የሺመቤት ከንቲባው ዘንድ ሄዳ ምትክ ብትጠይቅ፣ «እህቴ፣ የአስተማሪዎቹን ደሞዝ ከየት እንደማመጣው ጨንቆኛል» አሏት። ከዚያ ወዲህ የተደበደበ ሰው ጣቢያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን መታህ?» መሆኑ ቀርቶ «ባጃጅ ይዘሃል?» ሆነ። ከሳሽ ከኪሱ ባጃጅ ተኮናትሮ ፖሊሱን አሳፍሮ ይሄዳል። እስቲ ይሄ ወግ ነው?

የወይዘሮ አስካለማርያም ልጅ ናሁሰናይ የሞተው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሰው ቢላ መዝዞ ሲያሳድደው እናቱ ወደ ጣቢያ ሮጡ። ዝናብ ስለነበር ባጃጅ ጠፋ። ፖሊሶቹ በእግራቸው ጭቃውን እያቦኩ ሲደርሱ ልጁ አልቆለታል፣ ገዳዩም ከከተማው ጠፍቷል።

ያኔ ኢንስፔክተሯ ሕዝቡን ሰብስባ መዋጮ ጠየቀች። አብዛኛው ሰው መሬት መሬት አየ። ሦስት ሰዎች ግን ተነሱ።

መጀመሪያ የተነሱት የታች ሰፈር እድር ዳኛ አቶ ደምሰው ናቸው። እድራቸው የቀብር መኪና ሊገዛ ለዓመታት ሲያጠራቅም ኖሯል፤ መቃብሩ ያለው አቀበት ላይ ነውና በክረምት ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች ይንሸራተታሉ። «ተሸክመን መውጣቱን ለምደነዋል፤ ገንዘቡን ውሰጂው፣ ልጄ» አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ መኪናው የእርስዎ ነው» አለቻቸው።

ቀጥሎ የባጃጅ ሾፌሮች ማኅበር ሊቀመንበር ሙዘይን ተነሳ። በዚያ ከተማ ፖሊስ መኪና በማጣቱ የተጠቀመ ቢኖር የሱ ማኅበር ነው። «ኢንስፔክተር፣ ሰው ደም በደም ሆኖ ሲመጣ 'ሥራ መጣ' እያልን መሳሳቅ ጀምረናል። እኔ ይሄን ጠላሁት» አለ። ማኅበሩ የመለዋወጫ ሱቅ ሊከፍትበት የያዘውን ገንዘብ ሰጠ። «ወንድሜ፣ መኪናው የአንተ ነው» አለችው።

በመጨረሻ ወይዘሮ አስካለማርያም ተነሱ። የልጃቸው አይሱዙ ደጃቸው ቆሞ ነበር። ሲመሽ እየወጡ በሩን ዳሰስ አድርገው ይመለሱ እንደነበር ጎረቤት ያውቃል። «እሱን ሸጬ እሰጣለሁ» አሉ፤ ሸጠውም ሰጡ። «ሌላ እናት ባጃጅ ፍለጋ በዝናብ አትሩጥ» ብለው ተቀመጡ። ኢንስፔክተሯ እያለቀሰች እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት። «እማማ፣ መኪናው የእርስዎ ነው» አለቻቸው።

አነጋገራችንን ታውቁታላችሁ። ሰው ሻርፓችንን ሲያደንቅ «የእርስዎ ነው» እንላለን፤ ከአንገታችን አውልቆ የሚወስድ የለም። ኢንስፔክተሯም በደግነት የአፏን አለች። ግን ሦስቱ ያደነቁ ሰዎች አይደሉም፣ የሰጡ ናቸው። ሦስቱም ቃሏን ይዘው ቤታቸው ገቡ።

መኪናው መጣ። በመጀመሪያው ጠዋት ልብስ ሰፊውና ሻይ ጠጪው ከልማድ የተነሳ ሊገፉ ወጡ፤ ራሱ ተነሳና ሄደ። ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም።

ክረምት ገባ። የነዳጅ ቦቴ ከመጣ ሰንብቶ የመኪናው ነዳጅ ለአንድ መንገድ ብቻ በቀረበት የገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሦስት ሰው በጣቢያው በር ተከታትሎ ገባ።

አንደኛዋ የአቶ ደምሰው ልጅ ናት። አባቷ ከወንዙ ማዶ ባለው ሆስፒታል አርፈዋል። «ወንዙ እየሞላ ነው። ድልድዩን ከዋጠው አባቴ ሰው በማያውቀው አገር ሊቀበር ነው። ከእናትሽ ጎን አሳርፉኝ ብሎ ነው የሞተው» አለች። የቀብር መኪናውን የሰጡት ሰውዬ፣ መኪና አጥተው ከዘመድ ሊለዩ ነው።

ሁለተኛው ሙዘይን ነው፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ሁለት ሰዎች አንዱን ሾፌር ደብድበው ቦይ ውስጥ ጥለው ባጃጁን ወስደዋል። ልጁን ሰው አንስቶታል፤ ባጃጁ ግን በጫካው መንገድ እየሄደ ነው። «እናቱም ወንድሞቹም የሚበሉት በሷ ነው። ጫካ ከገባች እቃዋን ፈታተው ነው የሚሸጧት። ባጃጅ በባጃጅ አይደረስበትም፤ በመኪናው አሁን ከተነሳን ግን እንደርሳለን» አለ።

ሦስተኛዋ ወይዘሮ አስካለማርያም ናቸው። የልጃቸው ገዳይ በምዕራቡ መንገድ፣ ፖሊስ በሌለበት መንደር ቆሞ የድንበር አውቶቡስ ሲጠብቅ አንድ ዘመድ አይቶት ደውሏል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ባጃጅ አይገባበትም። አልጮሁም፣ አላለቀሱም። «አልለምንሽም፣ ልጄ። ያልሽኝን አስታውሺ ብቻ» አሏት።

ከጣቢያው በር ሦስት መንገድ ይወጣል፤ አንዱ ወደ ወንዙ፣ አንዱ ወደ ጫካው፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። ኢንስፔክተሯ ቃሏን ለማን እንደሰጠች አሰበች፤ ለሁሉም ሰጥታለች። መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሦስቱም፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በድሮው ልማድ ወደ መኪናው ኋላ ዞረው እንደሚገፋ ሰው እጃቸውን ላዩ ላይ አደረጉ። ቁልፉን ስታዞረው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። መገፋት አላስፈለገውም፤ እነሱ ግን እጃቸውን አላነሱም። በመስታወት ብታያቸው ዝናቡ ፊታቸውን ሸፍኖባታል፤ የሚታያት መኪናውን የያዘው እጃቸው ብቻ ነው። የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አልቻለችም። ወንዙ ይሞላል፣ ባጃጁ ይርቃል፣ አውቶቡሱ ይመጣል፤ እግሯ ግን ፍሬኑን አልለቀቀም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ እኔ እዚህ ላይ በደረስኩ ቁጥር እቁነጠነጣለሁ። መሪው በእናንተ እጅ ቢሆን ወዴት ታዞሩት ነበር? መኪናው የማን ነው?