ጭቃ የማይነካት ጫጩት

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ እንቅልፍ የያዘው ፊቱን ይታጠብ።

እሜቴ ዶሮ ጫጩታቸውን አጥበው፣ ላባዋን አበጥረው፣ ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡ ሄዱ። ዋርካው ሥር የኔታ ኤሊ መዝገባቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል።

«ክፍሉ ወዴት ነው?» አሉ እሜቴ።

«የቆሙበት ነው» አሉ የኔታ፣ ረጋ ብለው።

«ጣሪያውስ?»

የኔታ አንገታቸውን አስግገው ወደ ቅርንጫፉ አዩ። «ያውና።»

እሜቴ ክው አሉ። ጫጩቷ ግን ይሄኔ ኩሬው ዳር ከእንቁራሪት ልጆች ጋር ትዘላለች።

«እሺ፣ ትመዝገብ። ግን ልጄን ጭቃ እንዳይነካብኝ! እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም። ለዛሬ እዚሁ ሆኜ አያታለሁ።»

ይህን እያሉ እግራቸው ሥር አንድ ትል ብቅ አለ። እሜቴ ግራ ቀኝ አዩና አንዴ ጫር አደረጉ። ደግመው ጫሩ። ከዚያማ ማን ያቁማቸው!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። ጫጩቷ ብቻዋን ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ ትጣራለች።

«እማዬ፣ በቃ ውጪ! ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ እኮ!»

«አንዴ ብቻ፣ ልጄ፣ አንዴ ብቻ!» አሉ እሜቴ ከጭቃው ውስጥ።

የኔታም መዝገቡን ገልጠው፣ ከጫጩቷ ስም ሥር የእናትየዋን ስም ጨመሩ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ እግራችሁን ግን ታጥባችሁ ግቡ።